በደብረ ብርሃን በአንድ የቤት ፈረስ ጀርባ ላይ የታየ የክረምት የቆዳ ሕመምና አያያዙ፦ የጉዳይ ጥናት

ይህ ጽሑፍ በደብረ ብርሃን ከተማ ዳርቻ፣ ለሥራ ሳይሆን ለፍቅር በሚጠበቅ አንድ ፈረስ ላይ በክረምት የወጣ የቆዳ ሕመም እንዴት እንደተመረመረ፣ በምን እንደታከመና ሕክምናው በመካከል የት ላይ እንደተሰናከለ ይዘረዝራል። ሕመሙ ከቀላሎቹ የሚመደብ ነው፤ ፈረስ አይገድልም፣ አብዛኛውን ጊዜም ቆዳው ከደረቀ በራሱ ጊዜ ይድናል። ይሁን እንጂ ፈረሱ እኔ ዘንድ ከመድረሱ በፊት ሦስት ሳምንት ያህል በሌላ በሽታ ስም ሲታከም ስለቆየ፣ ከሕመሙ ይልቅ ሕክምናው ያመጣውን ጣጣ መፍታት የበለጠ ጊዜ ወሰደ። ጉዳዩን በዝርዝር መጻፍ ያስፈለገኝም በዚህ ምክንያት ነው።

ፈረሱ፣ ባለቤቱና ጋጣው

ፈረሱ ዘጠኝ ዓመት ገደማ የሆነው፣ የተኮላሸ፣ ዳማ፣ ግንባሩ ላይ ቦራ ያለው፣ ሁለቱ የኋላ እግሮቹም ከሰኮናው በላይ ነጭ የሆኑ ነው። የተወለደው እዚያው አካባቢ ሲሆን ከደጋ ወርዶ አያውቅም። ጋሪ ጎትቶ ወይም እህል ጭኖ አያውቅም፤ እሑድ እሑድ የባለቤቱ የልጅ ልጆች በየተራ ይቀመጡበታል፣ በጥምቀት ደግሞ ግላስ ለብሶ ከሌሎች ፈረሰኞች ጋር ታቦት ያጅባል። ባለቤቱ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ፈረሱን በየቀኑ የሚያበላው፣ የሚያጠጣውና የሚቦርሸው አንድ የሰፈር ወጣት ነው።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,840 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። ሐምሌና ነሐሴ ሲገቡ ዝናቡ ከሰዓት በኋላ ይጀምርና አንዳንድ ቀን እስከ ማታ አያባራም፤ በረዶም ይጥላል፣ ጠዋት ደግሞ ጉሙ ሜዳውን ሸፍኖ ያረፍዳል። በእንዲህ ያለ ወቅት የረጠበ ፀጉር በቀን ሙቀት ለመድረቅ ያለው ጊዜ በጣም አጭር ነው። ይህን መግለጼ አየሩን ለማማረር ሳይሆን፣ በኋላ የሕክምናውን አሠራር ራሱን እንድቀይር ያስገደደኝ እርሱ ስለሆነ ነው።

ጋጣው ቆርቆሮ የለበሰ፣ በሦስት በኩል በጭቃ የተመረገ፣ በአንድ በኩል ክፍት የሆነ ነበር። ከቆርቆሮው ሁለት ቦታ ላይ ውኃ ይንጠባጠብ ነበር። ወለሉ አፈር ሲሆን የተነጠፈው ጭድ ከላይ ደረቅ ቢመስልም እጄን ስሰድበት ከሥር ርሶ ወደ መበስበስ ደርሷል። ከሁሉ በላይ ዓይኔን የሳበው ግን ፈረሱ የለበሰው ነገር ነው፦ ከሥር አሮጌ የሱፍ ብርድ ልብስ፣ ከላይ ለግንባታ የሚውል ወፍራም ላስቲክ፣ ሁለቱም ሆዱ ሥር በገመድ ታስረዋል። መምህሩ ክረምቱ ከጀመረ ጀምሮ ሌሊት ሌሊት እንደዚህ እያለበሱት እንደነበር ነገሩኝ። «ዶክተር፣ እንደ ልጄ ነው የማለብሰው፤ ብርድ ሳይነካው እንዴት ታመመ?» ብለው ጠየቁኝ። ለጥያቄያቸው መልስ የሰጠሁት ግን ከሁለት ቀን በኋላ፣ ምርመራው ካለቀ ወዲያ ነው።

ከእኔ በፊት የተደረገው

መጀመሪያ የታየው ጀርባው ላይ የፀጉር መጣበቅ ነው። ወጣቱ ሲቦርሸው እንደ ሩዝ ፍሬ ያሉ ጉብታዎች በእጁ ይነኩት ጀመር፤ በሳምንቱ ጉብታዎቹ ቅርፊት ሆኑ። ነገሩ እከክ ነው ተባለ። ለእከክ በአካባቢው ከሚታወቁት መፍትሔዎች አንዱ ከመኪና ሞተር የወጣ የተቃጠለ ዘይት መቀባት ስለሆነ፣ ፈረሱ ከጫንቃው እስከ ዳሌው ሁለት ጊዜ ተቀባ። ይህ ልማድ ከየት እንደመጣ ለመረዳት አያስቸግርም፦ ወፍራም ዘይት ነፍሳትንና የእከክ ተባዮችን አፍኖ ሊገድል ይችላል፣ በነጻም ይገኛል። ነገር ግን የተቃጠለ ዘይት እርሳስን የመሰሉ ጎጂ ብረቶችን የሚይዝ፣ ቆዳን የሚያስቆጣ፣ እንስሳው ሲልሰውም ወደ ሆዱ የሚገባ ነገር ነው። በዚህ ፈረስ ላይ ያደረሰው ዋናው ጉዳት ግን ሌላ ነው፤ ርጥበቱን ከሥሩ ቆልፎ አስቀረው።

ዘይቱ ለውጥ ሳያመጣ ሲቀር ከመድኃኒት መሸጫ ለከብት የሚሰጥ 1 በመቶ የአይቨርሜክቲን (የጥገኛ ተባዮች መድኃኒት) መርፌ ተገዝቶ አንገቱ ላይ ተወጋ። አይቨርሜክቲን በራሱ ለፈረስም የሚሰጥ መድኃኒት ነው፤ ለፈረስ የሚሰጠው ግን በአፍ የሚወሰደው፣ በኪሎ ግራም ክብደት 0.2 ሚሊ ግራም የሚሰላው ሊጥ መሰል መድኃኒት ነው። ለከብት የተዘጋጀው መርፌ በፈረስ ሥጋ ውስጥ ሲገባ የተወጋው ቦታ እንደሚያብጥ፣ አልፎ አልፎም አደገኛ የባክቴሪያ ኢንፌክሽን እንደሚከተል ስለሚታወቅ ለፈረስ አይመከርም። እንደተፈራውም በአራተኛው ቀን የተወጋበት ቦታ ላይ የእንቁላል መጠን ያለው ጠንካራ እብጠት ወጣ።

መምህሩን ሌሊት እንቅልፍ የነሣቸው ይህ እብጠት ነው። በሥራ ዘመናቸው ለብዙ ዓመታት ሞጆ ሲያስተምሩ የጋሪ ፈረሶች ኤፒዞኦቲክ ሊምፋንጃይቲስ በተባለ፣ ፈንገስ በሚያመጣው ተላላፊ በሽታ ሲያልቁ አይተዋል፤ አንገትና እግር ላይ እንደ መቁጠሪያ ዶቃ በመስመር የሚሰለፉ እብጠቶች ይወጣሉ፣ ይፈነዳሉ፣ መግል ያወጣሉ፣ ፈረሱም ከስቶ በመጨረሻ መንገድ ላይ ይጣላል። ስለዚህ የጠሩኝ «ጀርባው አሞታል» ብለው ሳይሆን «ያ የጋሪ ፈረስ በሽታ ይዞታል፣ ከልጆቹ ላርቀው ወይ?» ብለው ነበር።

ምርመራው

በመጀመሪያው ቀን የፈረሱ ሙቀት 37.9 ዲግሪ፣ የልብ ምቱ በደቂቃ 38፣ ትንፋሹ 14 ነበር፤ ሦስቱም ለጤነኛ ፈረስ ከሚጠበቀው ልክ አልወጡም። ይበላል፣ ይጠጣል፣ የዓይኑ ውስጠኛ ሽፋን ቀይ ሮዝ ነው፣ ቢጫነት የለውም። የደረቱን ዙሪያ 148፣ የሰውነቱን ርዝመት 142 ሳንቲ ሜትር ለካሁ፤ የደረቱ ዙሪያ በራሱ ተባዝቶ፣ በርዝመቱም ተባዝቶ ለ11,880 ሲካፈል ክብደቱ ወደ 262 ኪሎ ግራም ይመጣል። ይህን ስሌት የምሠራው ምንም መድኃኒት ለመስጠት ባላስብም ነው፤ ክብደቱ ሳይታወቅ የሚሰጥ መድኃኒት ምን እንደሚያስከትል አንገቱ ላይ ያለው እብጠት አጠገቤ ነበርና።

ቅርፊቶቹ ያሉበት ቦታ ብዙ ይናገር ነበር። ከጫንቃው ጀምረው የጀርባውን አጥንት ግራና ቀኝ ተከትለው እስከ ዳሌው ይሄዳሉ፤ ከዳሌው ላይ ደግሞ በሽንጡ በኩል ወደታች እንደ ጅረት በጠባብ መስመር ይወርዳሉ። ዝናብ ፈረስ ላይ ሲፈስ የሚሄድበት መንገድ ይኸው ነው። ከዚህ በተጨማሪ የሁለቱ ነጭ የኋላ እግሮች መታጠፊያ፣ ከሰኮናው በላይ ባለው ጎድጓዳ ቦታ፣ በወፍራም ቅርፊት ተሸፍኖ ነበር፤ የግራው ተሰንጥቆ ደም ያዘለ ነው። ሆዱ፣ ብብቱ፣ ጆሮውና የጋማው ሥር ንጹሕ ናቸው።

አንዱን ቅርፊት በሁለት ጣቴ ይዤ ቀስ ብዬ ስስበው ከነፀጉሩ ተነቀለ። ፀጉሮቹ በቅርፊቱ ውስጥ አልፈው በሥር በኩል ስለሚወጡ የተነቀለው ነገር ትንሽ የቀለም ቡሩሽ ይመስላል። ከሥሩ ያለው ቆዳ ሮዝ፣ ርጥብ፣ ቀጭን ቢጫ መግል የቀባው ነበር። ፈረሱ ጆሮዎቹን ወደኋላ ጥሎ ጀርባውን ዝቅ አደረገ፤ አሞታል። ሳልነካው ግን ቦታውን አያክክም። የጋጣውን ምሰሶና ግድግዳ ዞሬ ስመለከት የተፋገበት ምልክት፣ የተጣበቀ ፀጉርም አላገኘሁም፤ የጭራው ሥር ፀጉርም አልተበላም። እከክ የያዘው ፈረስ ግን በመጀመሪያ የሚያስታውቀው በዚህ ነው፦ ምሰሶ ካገኘ እስኪነቅለው ድረስ ይፋገበታል። ይህ ብቻውን «እከክ ነው» የሚለውን ግምት አናግቶታል።

ያም ሆኖ ግምትን በግምት መተካት ስላልፈለግሁ ናሙና ወሰድሁ። ከአራት ቦታ፣ እግሮቹን ጨምሮ፣ ቆዳው ትንሽ እስኪደማ ድረስ በምላጭ ፍቄ በማይክሮስኮፕ አየሁ፤ የእከክ ተባይ የለም። ከቅርፊቶቹ ዳር የተነቀለ ፀጉር በፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ አለስልሼ የጭርት ፈንገስ ፍሬዎችን ፈለግሁ፤ እነርሱም የሉም። ጭርት ቢሆን ኖሮ ራሱ ቦታዎቹ ክብ ክብና ፀጉር የለቀቃቸው፣ አብዛኛውን ጊዜም ኮርቻና ማሰሪያ የሚነካቸው ይሆኑ ነበር። የእግሮቹ ነጭነት ሌላም ነገር አሳስቦኝ ነበር፤ አንዳንድ ዕፀዋት የበላ ወይም ጉበቱ የታመመ ፈረስ ነጭ ቆዳው ብቻ በፀሐይ ይቃጠላል። እዚህ ግን ዳማው ጀርባ እኩል ስለታመመ፣ በነሐሴ ጉም ውስጥም ጠንካራ ፀሐይ ስላልነበረ፣ ግንባሩ ላይ ያለው ቦራም ስላልታመመ ይህን ግምት ወዲያው ተውሁት።

ከአንገቱ እብጠት በቀጭን መርፌ ፈሳሽ ሳብሁ። ጊምሳ በተባለው የሕዋስ ማቅለሚያ ቀብቼ ስመረምረው እብጠት ባለበት የሚገኙ የተለመዱ ሕዋሳት ብቻ ታዩ፤ የሊምፋንጃይቲሱ ፈንገስ በትልልቅ ነጭ የደም ሕዋሳት ውስጥ በብዛት የሚታይ፣ ዙሪያው ነጣ ያለ እንቁላል መሰል ነገር ነው፣ እርሱን አላገኘሁም። እብጠቱ ደግሞ አንድ ብቻ ነው፣ በመስመር አልተሰለፈም፣ አልፈነዳም፣ መርፌው የተወጋበት ነጥብ መሀሉ ላይ ይታያል። በሽታው በኢትዮጵያ በብዛት የሚገኘው ከ1,500 እስከ 2,300 ሜትር ከፍታ ባላቸው፣ እንደ ሞጆ ባሉ ሞቃትና ርጥብ ከተሞች የጋሪ ፈረሶች ላይ መሆኑም ከዚህ ጋር ተደምሮ መምህሩን ለማረጋጋት በቂ ነበር። ይህን ስነግራቸው ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ፈረሱን አንገቱ ላይ ሲደባብሱት አስታውሳለሁ።

ቅርፊቱ የተናገረው

መልሱ የመጣው ከቅርፊቱ ነው። ትንሽ ቁራሽ በጥቂት ጠብታ የተጣራ ውኃ ውስጥ አለስልሼ፣ በብርጭቆው ላይ ዳምጬ፣ አድርቄ በጊምሳ ቀባሁት። በማይክሮስኮፑ ሥር ቅርንጫፍ ያወጡ ክሮች፣ በውስጣቸውም ጎን ለጎን በረድፍ የተደረደሩ ክብ ሕዋሳት ታዩ፤ ከላይ ሲያዩት የባቡር ሐዲድ ከነመደገፊያ እንጨቱ የተዘረጋ ይመስላል። ይህን መልክ የሚሰጠው ደርማቶፊለስ ኮንጎሌንሲስ የተባለው ባክቴሪያ ነው። በ1915 እ.ኤ.አ. በያኔዋ የቤልጂየም ኮንጎ በከብቶች ላይ ሲገለጽ ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። በፈረስ ላይ የሚያመጣውን ሕመም የዝናብ ቅርፊት ብንለው የሚመጥነው ይመስለኛል።

ባክቴሪያው ደረቅ ጤነኛ ቆዳን አይደፍርም። በአንድ ፈረስ ላይ ወይም በወደቀ ቅርፊት ውስጥ ተኝቶ ለብዙ ወራት ይቆያል፤ ቅርፊቱ ሲርስ ግን ክብ ሕዋሳቱ ጅራት አብቅለው በውኃው ውስጥ ይዋኛሉ። ወደ ቆዳው የሚስባቸው ከቆዳው የሚወጣው ጥቂት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ይሁንና ወደ ውስጥ ለመግባት በር ያስፈልጋቸዋል፤ ያንን በር የሚከፍተው የነፍሳት ንክሻ፣ የኮርቻ መፋቅ ወይም ለረጅም ጊዜ በውኃ የራሰ ቆዳ ነው። ሙቀትና ርጥበት አንድ ላይ ከተገናኙ ነገሩ ይፋጠናል።

እዚህ ላይ ነው የመምህሩን ጥያቄ የመለስሁት። ፈረሱ ከሰዓት በኋላ ሜዳ ላይ ዝናብ ይመታዋል፤ ማታ ሳይደርቅ ብርድ ልብስና ላስቲክ ይለብሳል፤ ከሰውነቱ የሚወጣው እንፋሎት ላስቲኩን አልፎ መውጣት ስለማይችል ተመልሶ ጀርባው ላይ ይንጠባጠባል። አሥራ ሁለት ሰዓት ያህል ሞቅ ባለ ርጥበት ውስጥ ያድራል ማለት ነው። ከጎረቤት ያለችው የጋሪ ፈረስ እዚያው ዝናብ ሥር ስትውል ቆዳዋ ንጹሕ የሆነውም ስለተወደደች ሳይሆን ማንም ስላላለበሳት ነው፤ ነፋሱ ያደርቃታል። መምህሩ ይህን ሲሰሙ «እንግዲያው ያሳመምሁት እኔ ነኝ» አሉ። እኔም ላስቲኩ እንደሆነ ብቻ ነገርኋቸው።

ሕክምናው

የመጀመሪያው ትእዛዝ ላስቲኩ እንዲወልቅ ነበር። ብርድ ልብሱም ወለቀ። ወለሉ ከሥሩ ተቆፍሮ ርጥቡ ጭድ ወጣ፣ ጠጠር ተሞላበት፣ በላዩ ደረቅ ጭድ ተነጠፈ፤ ቆርቆሮው ተደፈነ፣ ከጋጣው በላይ በኩልም ውኃ የሚመልስ ቦይ ተቆፈረ። ወጣቱ ይህን ሁሉ በሁለት ቀን ጨረሰው።

ቀጥሎ የተቃጠለው ዘይት መወገድ ነበረበት፤ በዘይት በተሸፈነ ቅርፊት ውስጥ ምንም ጸረ ጀርም አይገባምና። ለብ ያለ ውኃና የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ተጠቀምን፤ ሁለት እጥበት ፈጀ።

ለዚህ ሕመም የሚሰጠው የተለመደ ምክር ቦታውን ለሰባት ተከታታይ ቀናት ክሎርሄክሲዲን ወይም ፖቪዶን አዮዲን በተባለ ጸረ ጀርም ማጠብ፣ ከዚያም በሳምንት ሁለት ጊዜ መድገም ነው። ምክሩ ትክክል ነው፤ ነገር ግን የተጻፈው ሞቃት ውኃ፣ ማድረቂያና ዝግ ክፍል ላላቸው ነው። በነሐሴ ደብረ ብርሃን ላይ ፈረስን በየቀኑ ማራስ፣ ውኃ ያመጣውን ሕመም በሌላ ውኃ ማባባስ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የራሴን መንገድ ወሰድሁ፦ እጥበቱ ጠዋት ከአምስት እስከ ሰባት ሰዓት ባለው፣ ዝናቡ ሳይመጣ ፀሐይ ብቅ በምትልበት ጊዜ ብቻ እንዲሆን፤ በአንድ ቀን የጀርባው ግማሽ ብቻ እንዲነካ፤ ፀሐይ ካልወጣች ጨርሶ እንዲቀር። ለሚያነብ ባለሙያ ይህ ቸልተኝነት ሊመስል ይችላል። እኔ ግን በዚህ ከፍታ ላይ ከመድኃኒቱ ብዛት ይልቅ የቆዳው መድረቅ ሚዛን እንደሚደፋ አምናለሁ።

በቅርብ የሚገኘው ፖቪዶን አዮዲን 10 በመቶ ስለነበር 100 ሚሊ ሊትሩ በ900 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውኃ ተበርዞ 1 በመቶ ሆነ። በመጀመሪያ ረጅሙ ፀጉር በመቀስ አጠረ። ፈሳሹ በስፖንጅ ተቀብቶ አሥር ደቂቃ ይቆያል፤ ይህን አሥር ደቂቃ ወጣቱ ሁልጊዜ ለማሳጠር ይፈልግ ስለነበር በስልኩ እንዲቆጥር አደረግሁት። ከዚያ የለሰለሰውና በራሱ የሚለቀው ቅርፊት ብቻ ይነሣል፣ ቦታው ይለቀለቃል፣ በደረቅ ፎጣ ተጠብጥቦ ይደርቃል። የሚይዘውን ቅርፊት በጉልበት መንቀል ክልክል ነበር፤ ፈረሱን ያሳምመዋል፣ አዲስ በርም ይከፍታል። የወደቀው ቅርፊት ሁሉ በፌስታል እየተሰበሰበ ይቃጠል ነበር፤ መሬት ላይ ከቀረ ለሚቀጥለው ዝናብ ዘር ነው።

ኮርቻ ለሦስት ሳምንት ተከለከለ። ግላሱና ከኮርቻ በታች የሚነጠፈው ጨርቅ በፈላ ውኃ ታጥበው ፀሐይ ላይ ተሰጡ፣ ቡሩሾቹ በፖቪዶን ተዘፈዘፉ። ባክቴሪያው አልፎ አልፎ በሰው ቆዳም ላይ ስለሚወጣ ወጣቱ ጓንት እንዲያደርግ፣ ልጆቹም እስኪድን ከፈረሱ ጀርባ እንዲርቁ ተነገረ። እነርሱ ግን በጋጣው አጥር ላይ ተንጠልጥለው ካሮት መወርወራቸውን አላቆሙም፤ ያንን ማንም አልከለከላቸውም።

ከመምህሩ ጋር የተከራከርነው ስለ መርፌ ነው። «ባክቴሪያ ነው ካሉ ለምን ፔኒሲሊን አይወጉትም?» አሉኝ፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። ፔኒሲሊን ይህን ባክቴሪያ ይገድላል፣ ሕመሙ ሰውነቱን ሁሉ በወረሰ ወይም ትኩሳት ባስከተለ ጊዜም ለአምስት እስከ ሰባት ቀን ይሰጣል። እዚህ ግን ፈረሱ ትኩሳት የለውም፣ ይበላል፣ የታመመው የላይኛው ቆዳ ብቻ ነው፤ ምክንያቱ ካልተወገደ ደግሞ መርፌው ካለቀ ማግስት ሕመሙ ይመለሳል። በየመሸጫው በቀላሉ የሚገኘው ሌላው ጸረ ባክቴሪያ፣ ኦክሲቴትራሳይክሊን፣ ለፈረስ ሆድ አደገኛ የተቅማጥ ጣጣ ሊያመጣ እንደሚችልም ነገርኋቸው። በሩን ግን አልዘጋሁትም፦ ሙቀቱ ከ38.5 ካለፈ፣ እግሩ ካበጠ ወይም ከአሥረኛው ቀን በኋላ አዲስ ቦታ ከወጣ እንደምጀምር ተስማማን።

መሰናክሉ

እስከ አምስተኛው ቀን የግራው ጀርባ ሁለት ጊዜ፣ የቀኙ አንድ ጊዜ ታጠበ። ከጫንቃው አካባቢ ቅርፊቱ ተገፎ ደረቅ ሮዝ ቆዳ ታየ። ስድስተኛውና ሰባተኛው ቀን ሙሉ ዘነበ፤ ሰባተኛው ሌሊት በረዶም ጣለ። በስምንተኛው ቀን ስመጣ ዳሌው ላይ ስድስት ሰባት አዲስ ጉብታዎች፣ በእጅ ሲነኩ የሚሞቁ፣ ወጥተዋል።

በመጀመሪያ የእጥበቱን ብርዘት ተጠራጠርሁ፤ ከዚያ ምርመራዬን። ጋጣውን ስዞር ግን ላስቲኩ በግድግዳው ጥግ ተጠቅልሎ፣ ውስጠኛው በኩል እንደ ረጠበ አገኘሁት። ወጣቱ ጥፋተኛ ሆኖ ለመታየት አልሞከረም፣ ለመደበቅም አልሞከረም። በረዶው ቆርቆሮውን ሲመታ ፈረሱ ሲንቀጠቀጥ ስላየ አዝኖ አልብሶት ነበር። ልቆጣው ፈልጌ ነበር፤ ነገር ግን አንድ ፈረስ ሲንቀጠቀጥ አይቶ ዝም ያለ ሰው ፈረስ ለመያዝ አይሆንም። ስሕተቱ የእኔም ነበር፦ ላስቲኩን ስከለክል ሌሊት ሲበርደው ምን እንደሚደረግ አልተናገርሁም። የፈረስ ሰውነት ደረቅ ከሆነና የሚበላው ካለው ይህን የመሰለ ብርድ ይችላል፤ ድርቆሽ ሲፈጭ አንጀቱ ሙቀት ያመነጫልና። ስለዚህ የማታው ድርቆሽ ከፍ እንዲል፣ ርሶ ከገባም መጀመሪያ በጆንያ ታሽቶ እንዲደርቅ፣ በጣም ከበረደ ደግሞ ከደረቀ በኋላ ብቻ ብርድ ልብሱ ያለ ላስቲክ እንዲለብስ ተስማማን። ይህን በመጀመሪያው ቀን ብናገር ኖሮ ስምንተኛው ቀን ላይ አዲስ ቅርፊት አልቆጥርም ነበር።

ውጤቱ

አዲሶቹ ጉብታዎች በሁለት እጥበት ደረቁ። በአሥራ አራተኛው ቀን ጀርባው ከቅርፊት ነጽቶ እንደ ቬልቬት ያለ አጭር አዲስ ፀጉር ብቅ አለ፤ የበቀለው ከቀድሞው ዳማ ይልቅ ጠቆር ያለ ስለነበር ከሩቅ ሲያዩት ፈረሱ ጀርባው ላይ ጥላ የወደቀበት ይመስል ነበር። መምህሩ ቀለሙ እንደዚያው እንዳይቀር ሰግተው ነበር፤ ፀጉሩ ሲረዝም ከሌላው ጋር ተመሳሰለ። በአጠቃላይ ጀርባው አምስት እጥበት ብቻ ነው ያገኘው፤ መርፌ አልተወጋም። የአንገቱ እብጠት ምንም ሳይደረግለት እየቀነሰ ሄዶ በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ በእጅ ሲፈለግ ብቻ የሚገኝ የአተር መጠን ያለው ጉብታ ሆነ።

ያስቸገሩት ነጮቹ እግሮች ናቸው። ቀለም የሌለው ቆዳ በቀላሉ ይጎዳል፤ በዚያ ላይ መታጠፊያው በእያንዳንዱ እርምጃ ስለሚተጣጠፍ የደረቀው ስንጥቅ እንደገና ይከፈታል። እዚያ እጥበቱን አሳንሼ፣ ከደረቀ በኋላ ስስ የዚንክ ኦክሳይድ ቅባት በስንጥቁ ላይ ብቻ እንዲደረግ አደረግሁ። ርጥብ ላይ ግን እንዳይቀባ አጥብቄ አስጠነቀቅሁ፤ ቅባት በርጥብ ቆዳ ላይ ሲሆን ያው ሁለተኛ ላስቲክ ነው። ጠዋት ጤዛው ሳይረግፍ ወደ ሜዳ እንዳይወጣም ተደረገ። የቀኙ በአምስተኛው ሳምንት ዳነ፤ የግራው መስከረም ገብቶ መሬቱ እስኪጠነክር ድረስ ቆየ። በጥቅምት መጀመሪያ ስጎበኘው ኮርቻ ተጭኖበት ነበር፤ በጥምቀትም ከፈረሰኞቹ ጋር ወጣ።

በተከታዩ ክረምት፣ በሐምሌ ሦስተኛው ሳምንት፣ ወጣቱ ራሱ ደውሎ ዳሌው ላይ ሦስት ጉብታ እንዳገኘ ነገረኝ፤ በጣቱ ነክቶ ለይቶታል። ፖቪዶኑን እንደ በፊቱ በርዞ በአንድ ፀሐያማ ጠዋት አጥቦ አድርቆት ነበር። በአራተኛው ቀን ሄጄ ሳይ የቀረው ጣት የሚያህል መላጣ ቦታ ብቻ ነው። ላስቲኩ የድርቆሹን ክምር ሸፍኖ፣ አራት ድንጋይ ተጭኖበት ከጋጣው ውጭ ተቀምጧል።